በባጃጅ ሁለት ደቂቃ

ደብረ ታቦር ውስጥ «በእግሬ ነው የምሄደው» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ካላላችሁ አትበሉ። የሰማችሁ ሰው መጀመሪያ ፊታችሁን ያያል። ቀጥሎ ጫማችሁን ያያል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው፣ በደህና?» ይላችኋል።

በደህና ነው። እግር ስላለኝ ነው። ደግሞም ተሽከርካሪ የሚባል ነገር ከሆዴ ጋር ስለማይስማማ ነው። አውቶቡስ ያስመልሰኛል፤ ሚኒባስ ያስመልሰኛል፤ የባጃጅን ነገርማ ምሳ የበላ ሰው ፊት ባላነሳው ይሻላል። ሰዎች «ሎሚ አሽትቺ» ብለው መከሩኝ። አሸተትኩ። አሁን ሎሚም ያስመልሰኛል።

የመጣሁት ከገሳይ ወጣ ካለች ቀበሌ ነው። እዚያ ትምህርት ቤት ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል እሄድ ነበር፣ አንድ ሰዓት ተኩል እመለስ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በጭንቅላቴ ሳይሆን በባቴ ነው የሚሉ ዘመዶች አሉኝ፤ ውጤቴን ስላዩ አልፈርድባቸውም። ብቻ ጨረስኩ። ከጨረስኩም በኋላ ደብረ ታቦር ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች በአንዷ ሥራ አገኘሁ። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ማሽኑ ወረቀት ሲነክስ በጡጫ እመታዋለሁ።

የቤቱ ባለቤት እትዬ አንጓች ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ቁመው ተቀበሉኝ፣ ቁመው ነገሩኝ።

«ባለጉዳይ ከየገጠሩ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ሲሆን እደጄ ይቆማል። ደጄ ዝግ ከሆነ ከጎኔ ያለው ቤት ይገባል። ከጎኔ ያለውን ቤት ደግሞ አልወደውም። ይኸ የሙከራ ወርሽ ነው። ሦስት ቀን ካረፈድሽ በአራተኛው ቀን አትድከሚ።»

«እሺ እትዬ።»

«እሺማ ሁሉም ይላል።»

ሥራውን ካጣሁ የሚጠብቀኝ የታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። ሚስቱ መንታ ወልዳለች። በተመለስኩ ቀን አንዱ በጀርባዬ ሌላው በደረቴ እንደሚታሰሩብኝ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ወስኗል። መንታዎቹን እወዳቸዋለሁ። ከሩቅ።

ለጊዜው ያረፍኩት ከተማው ጫፍ ላይ አክስቴ ቤት ነበር። ከዚያ እስከ ፍርድ ቤቱ በእግሬ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሰዓቱን የሚያውቀው ጭቃው ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ፈለግኩ፤ በእግሬ ሄጄ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሥራ የምደርስበት አንድ ክፍል ቤት። ብዙ ነው? ለእኔ ብዙ አልመሰለኝም ነበር።

ችግሩ ርቀቱን የሚነግረኝ ሰው መጥፋቱ ነው። እኛ አገር ርቀት የሚነገረው በአገጭ ነው። ገበሬ «እዚህች ናት» ብሎ አገጩን ካነሳ ግማሽ ቀን ነው። አገጩን አንስቶ ከንፈሩንም ካሾለ ስንቅ ያዙ። ይሁን፤ ይኸን ለምደነዋል፣ አባዝተን እናውቀዋለን። የከተማው ግን አይባዛም። የከተማው ሰው ዘንድ ሁሉም ቤት በባጃጅ ሁለት ደቂቃ ነው። ገበያው ሁለት ደቂቃ፣ ሆስፒታሉ ሁለት ደቂቃ። ብጠይቃቸው ባሕር ዳርም ሁለት ደቂቃ ሳትሆን አትቀርም።

ስጦታው የሚባል ደላላ አገኘሁ። የጫማው ሶል ገና ከሱቅ የወጣ ይመስላል፤ ጫማው ግን አሮጌ ነው። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

«አንድ ቤት አለችኝ፣ ማር የመሰለች» አለ።

«ከፍርድ ቤቱ ምን ያህል ያስኬዳል?»

«በባጃጅ ሁለት ደቂቃ።»

«በእግርስ?»

ስጦታው አሰበ። የምሬን ነው፣ ግንባሩ እስኪቋጠር አሰበ። «በእግር ሄጄበት አላውቅም» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ዛሬ እንሄድበታለን።»

«አንቺ ሂጂ። እኔ በባጃጅ እመራሻለሁ።»

ያለውንም አደረገ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሥራ በፊት ቤቷን አይቼ እንድመለስ ብለን ከፍርድ ቤቱ ደጅ ተነሳን። እኔ በእግሬ፣ እሱ ከጎኔ በባጃጅ። ሹፌሩ እንደ እኔ እርምጃ ቀስ እያለ ሞተሩን ያንጎራጉራል። ስጦታው አንገቱን አውጥቶ ይለማመጠኛል፤ «እታለም፣ ግቢ በሞቴ፣ ሰው እያየን ነው።» እኔ ደግሞ የባጃጁን ጭስ እንዳልስብ ፊቴን አዙሬ፣ ጥርሴን ነክሼ እራመዳለሁ።

አሁን እስቲ ይኸን ነገር ከውጭ ሆናችሁ እዩት። አንዲት ወጣት ሴት ፊቷን አዙራ በማለዳ እየገሰገሰች ነው። አንድ ጎልማሳ ከባጃጅ ውስጥ ሆኖ እየተከተለ «ግቢ» እያለ ይለምናል።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ እንደዚያው ከውጭ ሆነው አዩት። መሐል መንገድ ገቡና መቋሚያቸውን ከባጃጁ ፊት ተከሉት።

«ቁሙ» አሉ።

ቆምን።

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ማለዳ ወዴት ነው?»

«ቤት ፍለጋ ነው አባቴ።»

«ቤትሽማ ይኸው ተቀምጦ ይለምንሻል» አሉና ወደ ስጦታው ዞሩ። «አንተስ ምን አድርገሃት ነው?»

«ኧረ አባቴ፣ ሚስቴ አይደለችም።»

«በንዴት የተነገረ አይያዝም። ልጅ አላችሁ?»

«ትናንት ነው የተዋወቅነው!»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ከዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኛ አገር ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ ተጀምሯል ማለት ነው። በዚያ የሚያልፉ ሁለት አዛውንቶች ደግሞ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ መጥተው ከጎናቸው ተቀመጡ። ሦስት ሆኑ። ሦስት ሽማግሌ ተረግጦ አይታለፍም። «ደላላ ነው» ብዬ አስረዳሁ። «ደላላም ቢሆን ባል ነው» አሉኝ። «ባጃጅ አይስማማኝም» አልኩ። «ባጃጁን ተይው፣ ከእሱ ጋር ተስማሚ» አሉኝ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጥርሱን ይፍቃል።

ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል። ከዚህ የምወጣበት አንድ በር ብቻ እንዳለ ገባኝና ስጦታውን ይቅርታ ጠየቅኩት። ምን እንዳጠፋሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ ግን ቀስ ብሎ፣ ተለምኖ፣ ይቅር አለኝ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ልቡ ሙሉ በሙሉ እንዳልጠራልኝ ሰው ነው የሚያየኝ። የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳምን፤ «አብርሃምና ሣራ ያድርጋችሁ» ብለው መርቀው በእጃቸው ባጃጁ ውስጥ አስገቡን።

ሁለት ደቂቃ ያለው እውነቱን ነበር። እኔ ግን የወረድኩት በአንደኛው ደቂቃ ነው፤ በሹፌሩ ልመና።

ቤቷ ከቁልቁለቱ ግርጌ ናት። ማር መምሰሏን አላየሁም፤ ያየሁት ዳገቱን ነው። ያን ዳገት ወጥቼ ሥራ ስደርስ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። እትዬ አንጓች አንድ ጣታቸውን ብቻ አነሱ።

ስጦታውን ተውኩትና ሁለተኛውን ቤት ራሴ አገኘሁ። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ አባቴን ጠየቁኝ፣ አያቴን ጠየቁኝ፣ ማን የሚባል የክርስትና ስም እንዳለኝ ጠየቁኝ። ሁሉም ደህና ሄደ።

«ሥራ በምን ትሄጃለሽ?»

«በእግሬ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «የባጃጅ የማትችል ልጅ የቤት ኪራይ እንዴት ትችላለች?»

«እችላለሁ እማማ። ባጃጅ ስለሚያስመልሰኝ ነው እንጂ።»

ዓይናቸው ከፊቴ ወረደ፣ ወረደ፣ ሆዴ ላይ ቆመ።

«ስንት ወርሽ ነው?» አሉኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ዘዴ ቀየርኩ። ከሰፈር ወደ ሥራ መቁጠሩን ትቼ ከሥራ ወደ ሰፈር ልቁጠር አልኩ። ከጽሕፈት ቤቱ በር ተነስቼ በየአቅጣጫው ሩብ ሰዓት እሄዳለሁ፤ እግሬ ያደረሰኝ ቦታ ላይ የማገኘውን በር አንኳኳለሁ። አንዱ አቅጣጫ ገደል ሆነ። ሌላው የቤተ ክርስቲያን መቃብር ነው፤ ቦታ አለ፣ እኔ ግን ገና ነኝ። ሦስተኛው አጥር ብቻ ነው። በአራተኛው ኮብልስቶን የተነጠፈበት፣ ዳገት የሌለው፣ ዳርና ዳሩ ባሕር ዛፍ የሆነ ሰፈር አገኘሁ። እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት በር ከፈቱልኝ።

«በእግርሽ ነው የምትሄጂው?» አሉ።

«አዎ» አልኩ፣ ለጠብ ተዘጋጅቼ።

«ጎሽ» አሉኝ።

በማግስቱ ፍራሼን አዝዬ ገባሁ። በመጀመሪያው ጠዋት ሥራ የደረስኩት በሩብ ሰዓት ነው። በሁለተኛውም በሩብ ሰዓት። በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ አወቀኝ።

ባጃጅ ላይ የተቀመጠ ሰው አላፊ ነው፣ እጁን ያነሳና ያልፋል። እግረኛ ግን የሰፈር ሰው ነው። ከእትዬ ጥሩነሽ ደጅ እስከ አስፋልቱ አሥራ አራት ደጅ አለ፤ በእያንዳንዱ ደጅ ላይ ደግሞ ፀሐይ የሚሞቅ አንድ ትልቅ ሰው አለ። ትልቅ ሰው እየተራመዱ ሰላም አይባልም። ይቆማል፣ ጎንበስ ይባላል።

«እንዴት አደርሽ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ።»

«ገሳዮች እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ሆነላችሁ?»

የገብሱን ወሬ በአሥራ አራት አባዙት። ሌላ ብልሃት አሰብኩና ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ «እሺ፣ እሺ፣ አዎ» እያልኩ ማለፍ ጀመርኩ። አራተኛው ደጅ ላይ ያሉት እማማ እጄን ያዙኝ።

«ማን ናት? እናትሽ ናት?»

ከመደንገጤ የተነሳ «አዎ» አልኩ።

«ሰላም በይልኝ። የለም፣ አምጪው፣ ራሴ ላናግራት።»

እናቴ ያለችበት ቀበሌ ኔትወርክ ገብቶ አያውቅም። «ተቋረጠ» አልኩ። «ቆመሽ ሞክሪላት እንግዲህ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ» አሉኝ። ቆሜ ሞከርኩ። በዚያ ቀን እትዬ አንጓች ሁለት ጣት አነሱ።

ከዚያ ወዲያ ከቤት የምወጣው አንድ ሰዓት ላይ ሆነ። ሩብ ሰዓት ለመንገዱ፣ የቀረው ለገብሱ። የሙከራው ወር ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ተሳካልኝ ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። ምን አናገረኝ?

ሐሙስ ጠዋት ከደጄ ስወጣ ኮብልስቶኑን ግማሹን ይዞ ድንኳን ተተክሏል። አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ አርፈዋል። ባጃጅ ላይ ብሆን ራሴን ዘንበል አድርጌ አልፋለሁ፣ ማንም አይቀየመኝም፤ ሹፌሩ ነው የሚሄደው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን የለቅሶ ድንኳን አጠገብ ደርሶ ካለፈ ያለፈው እሱ ራሱ ነው። ነገ በዚያ ደጅ የሚያልፈው በየትኛው ፊቱ ነው? ዞሬ ልሂድ ብዬ ወደ ኋላ አየሁ። ከድንኳኑ ውስጥ እትዬ ጥሩነሽ አዩኝና በእጃቸው ጠሩኝ።

ገባሁ። ከዳር ተቀመጥኩ። ገብቶ ወዲያው መውጣት የለም፤ ንፍሮው ሳይዞር የሚነሳ ሰው ከመጀመሪያውም ባይገባ ይሻላል። ንፍሮው ገና እሳት ላይ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ሩብ ጉዳይ ሆነ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ መንታዎቹ ዓይኔ ላይ መጡ፣ አንዱ በጀርባዬ፣ አንዱ በደረቴ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያም አላቆም አለኝ፤ ሳግ ያዘኝ።

ድንኳኑ ዞሮ አየኝ። የሟች ልጆች እንኳ እንደ እኔ አላለቀሱም።

«ምን ያህል ቢወዷት ነው» አለች አንዷ።

«መቼ ነው የመጣችው፣ ሦስት ሳምንቷ አይደል?» አለች ሌላዋ።

የእድሩ ዳኛ፣ ረጅም ሽማግሌ፣ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። «ልጄ፣ በቃሽ። እርሳቸው ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት። ምናቸው ነሽ?»

መዋሸት አልችልበትም። «ምናቸውም አይደለሁም አባቴ። ሥራ ረፍዶብኝ ነው። ዛሬ ካረፈድኩ መባረሬ ነው።»

አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አለቀልኝ አልኩ። ዳኛው ግን ሌሎቹን ሽማግሌዎች ዞረው አዩና «ለእኛ ብላ ተቀምጣ እንጀራዋን ልናሳጣት አይደለም» አሉ። «አሠሪሽ ማን ናት?»

«ከፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ እትዬ አንጓች።»

«ተነሱ። ሄደን እናስረዳላት።»

አራት ሽማግሌዎች ተነሱ፤ ሁለት ሴቶችም ተከተሉ። ደስ አለኝ። ይኸን ያህል ሰው ለእኔ ብሎ ተነስቶ አያውቅም። ታናሽ ስለሆንኩ ከኋላ ሆንኩ። መንገድ ላይ ማንም አላወራም፤ ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ማን ያወራል? የሄድነው በሽማግሌ እርምጃ ነው።

እትዬ አንጓች ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ሦስተኛዋን ጣት አዘጋጅተው እንደነበር ከእጃቸው አየሁ። ከዚያ እኛን አዩን። ማለዳ፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ አራት ሽማግሌዎች፣ ሁለት ጥቁር ለባሽ ሴቶች፣ ከኋላ ደግሞ ዓይኗ በልቅሶ የቀላ ሠራተኛቸው፤ ሁላችንም ዝም ብለን ቀጥታ ወደ እርሳቸው ደጅ። እኛ አገር ሰው በማለዳ እንደዚያ ሆኖ የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ለመርዶ።

ይኸ ለእኔ የገባኝ የእድሩ ዳኛ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

«አንጓች ልጄ» አሉ በለስላሳ ድምፅ፣ «እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

እትዬ አንጓች አልተቀመጡም። ወደቁ። «እናቴን፣ እናቴን፣ እናቴን» እያሉ መሬቱን መቱት። በራቸው ላይ ተሰልፎ የነበረው ባለጉዳይ ሁሉ ተነስቶ አብሮ አለቀሰ። የማይወዱት የጎረቤት ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው ወጥተው ደገፏቸው። የእድሩ ዳኛ «የለም፣ ስለ ልጅቷ ማርፈድ ነው» ቢሉ ማን ሊሰማቸው? ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሴትዮዋን ልቅሶ አይተው እርሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ። ሌላው ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው «ማን ሞቶባት ነው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ማንም አልሞተም» ብዬ ጮኽኩ። «አርፍጄ ነው። አርፍጄ ነው የመጣሁት።»

አላመኑኝም። እናታቸው ያሉት እብናት ነው፤ ስልክ ደወሉ። ለረጅም ጊዜ ጠራ። ከዚያ የአሮጊቷን ድምፅ እኛም ሁላችን ሰማነው።

«ምነው በጠዋት?»

«እማዬ፣ አለሽ?»

«ወዴት እሄዳለሁ? ገበያ እየወጣሁ ነው፤ ጤፍ የጫንኩት አህያ ቆሟል። ምን ያስለቅስሻል?»

«ሞተሻል ብለውኝ።»

«ማን ነው ያለው?» አሉ አሮጊቷ። «ስሙን ያዥልኝ» ብለው ዘጉት።

እትዬ አንጓች ፊታቸውን ታጠቡ። ሽማግሌዎቹ በወንበርም፣ በወረቀት ካርቶንም ላይ ተቀምጠው ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዷቸው። ድንኳኑን፣ ንፍሮውን፣ ሰላምታውን ሁሉ። ጨዋ ልጅ ናት አሉ። በእግሯ ስለምትሄድ ነው እንጂ አሉ። እትዬ አንጓች ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሱ ሰሙ።

«ሽማግሌ አልገፋም» አሉ በመጨረሻ። «አላባርራትም። ግን ከእንግዲህ በእግሯ እንዳላያት። በባጃጅ ነው የምትመጣው። በየጠዋቱ ከደጇ የሚያነሳት ባጃጅ እኔው አዝዝላታለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። «ተመስገን በይ» አሉኝ አራቱም በአንድ ድምፅ። የእትዬ አንጓችን ጉልበት ሳምኩ።

በማግስቱ ባጃጁ መጣ። አሥራ አራቱን ደጅ በአንድ ትንፋሽ አለፍኩ፤ ሁሉም እጃቸውን አነሱልኝ፣ ገብሱን የጠየቀኝ የለም። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ራሴን ዘንበል አደረግኩ። ማዘንበሉ ጥሩ አልነበረም። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ወንበሬ ላይ ነበርኩ፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ሆኖ ይታየኛል፣ ግንባሬን ላብ አጥምቆታል።

የመጀመሪያው ባለጉዳይ ከጋፋት ማዶ የመጡ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ገና ሳይነጋ ተነስተው በእግራቸው ነው የመጡት፤ ጫማቸው ላይ ያለው ጭቃ አልደረቀም። ወረቀታቸውን ዘርግተው ትክ ብለው አዩኝ።

«አሞሻል ልጄ?»

«የለም አባቴ። በባጃጅ መጥቼ ነው።»

«ከየት?»

በመስኮቱ አሳየኋቸው። ሰፈሩ ይታያል፤ ባሕር ዛፉ፣ የእትዬ ጥሩነሽ ቆርቆሮ፣ የድንኳኑም ጫፍ። ሰውየው ሰፈሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግመው ሰፈሩን አዩ።

«ከዚያ ነው በባጃጅ የምትመጪው?» አሉ። «ምነው ልጄ፣ በዚህ ዕድሜሽ በእግርሽ ብትመጪ?»

ጣቶቼን ፊደሎቹ ላይ አሳረፍኩ።

«ማመልከቻው ስለምንድነው?» አልኳቸው።